ብርቱካናማው ቲሸርት፣ የዜግነት መሐላውና እኛ፦ የካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ዕርቅ መጤውን ይመለከታል ወይ?

ሀና ዊኒፔግ | ሴፕቴምበር 26

ሰላም ቤቶች፣ እንኳን ለመስቀል በሰላም አደረሳችሁ።

የዜግነት መሐላ ቀጠሮዬ ደርሶ ቃሉን እየተለማመድኩ ነው። ንጉሥ ቻርልስን ካለፍኩ በኋላ «የፈርስት ኔሽንስ፣ የኢኑይትና የሜቲ ሕዝቦችን ነባርና የውል መብቶች የሚያውቀውንና የሚያጸናውን ሕገ መንግሥት ጨምሮ» የሚል ሐረግ ይመጣል፤ ሦስቱም የካናዳ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ሲምል እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም ይላል። በዚህ መሀል ልጄ ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ መጣ፤ ሰኞ ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሳችሁ ኑ፣ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 30 ዝግ ነው ይላል። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ድሮ ልጆችን ከእናታቸው ይወስዱ ስለነበር» ብሎኝ ወደ ጨዋታው ሄደ።

የዜግነት ፈተናው መጽሐፍ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ያለው አንድ አጭር አንቀጽ ነው። ሸምድጄ አለፍኩት እንጂ አልገባኝም። እስኪ የምታውቁ አስረዱኝ፤ ምንድን ነው የተደረገው? ትናንት የመጣነውን እኛንስ ምን ያገባናል? በናታችሁ ወደ አገር ቤት ፖለቲካ እንዳትወስዱት።

ካልጋሪ ታክሲ | ሴፕቴምበር 26

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ፣ ፓስፖርቱ ሲደርስ ትጋብዢናለሽ።

እኔ ግን የሚሰማኝን ልናገርና ስደቡኝ። የእነሱን ልጅ እኔ አልወሰድኩም። አያቴ ያኔ ደብረ ማርቆስ አካባቢ በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር፤ ካናዳ የምትባል አገር መኖሯንም ሳይሰማ ነው የሞተው። ያጠፋው መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ቢሊዮን ከፈሉ፣ አለቀ። ዕርቅ ደም ያደርቃል ይባል የለ? እኛ የራሳችን ስንት ጣጣ አለብን። በየስብሰባው መክፈቻ «ይህ መሬት የእገሌ ሕዝብ ነው» ይሉና ወደ አጀንዳቸው ይገባሉ፤ መሬቱን የመለሰ ግን አላየሁም። እኔጋ ሲደርስ ቲሸርት ግዛ። ለዚያውም እነሱ ታክስ አይከፍሉም፣ ዩኒቨርሲቲም በነፃ ነው።

የማታ ሺፍት | ሴፕቴምበር 26

ታክሲው፣ «ታክስ አይከፍሉም» የምትባለዋን ወሬ እኔም እዚህ እንደመጣሁ ነው የሰማኋት። ነፃ የሚሆነው በሕጉ የተመዘገበ ፈርስት ኔሽን ሪዘርቭ ውስጥ፣ ማለትም ለእነሱ በተከለለው መሬት ላይ፣ የሚያገኘው ገቢ ነው። ከእኔ ጋር ከተማ ውስጥ የሚሠሩት ልክ እንደ እኔ ነው የሚቆረጥባቸው። ኢኑይትና ሜቲ ደግሞ ያቺም የለቻቸው። የትምህርቱም ገንዘብ በጀቱ ውስን ስለሆነ ተራ ሲጠብቅ የሚቀር ብዙ ነው። በስብሰባ መክፈቻው ነገር ግን አልከራከርህም፣ እኔንም ያስቀኛል።

ጋሽ መኮንን ኤድመንተን | ሴፕቴምበር 27

ሀና ልጄ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። መልሱ ረዘም ይላል፤ ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዓመቶቹን በፈረንጁ ነው የምጽፈው።

ከ1830ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከ150,000 በላይ የነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጅ ተለይተው በአዳሪ ትምህርት ቤት አልፈዋል። ቀደምቱ ብራንትፎርድ፣ ኦንታሪዮ ያለው የሞሆክ ኢንስቲትዩት ነው፤ በ1831 አዳሪ መቀበል ጀምሮ በ1970 ተዘጋ። ገንዘቡ ከመንግሥት፣ አስተዳደሩ ከአብያተ ክርስቲያናት፤ ካቶሊክ፣ አንግሊካን፣ ዩናይትድ ቸርችና ፕሪስቢቴሪያን። በ1920 ሕጉ ተሻሽሎ ግዴታ ሆነ። ልጁን የደበቀ ወላጅ ይቀጣል፣ ፖሊስ ደግሞ ልጅ ሰብሳቢ ይሆናል። ሲገቡ ፀጉር ይቆረጣል፣ ከቤት የለበሱት ይወሰዳል፣ በስም ፈንታ ቁጥር ይሰጣል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያወራ የተሰማ ይገረፋል። ወንድምና እህት አንድ ግቢ እየኖሩ እንዳይነጋገሩ ይከለከላሉ። ግማሹን ቀን ይማራሉ፤ ግማሹን ያርሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ይሰፋሉ። በመምህራንና በተቆጣጣሪዎች የተደፈረው ልጅ ቁጥር ቀላል አይደለም።

ሞቱን በሚመለከት አንድ ሰው ልጥቀስልሽ። የመንግሥቱ የራሱ ሐኪም ዶክተር ፒተር ብራይስ በ1907 በምዕራብ ካናዳ ያሉትን ትምህርት ቤቶች መርምሮ ጻፈ፤ መረጃ ከቀረበላቸው 1,537 ተማሪዎች ሩብ ያህሉ ሞተዋል። መዝገቡ በትክክል በተያዘበት አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚያ ከወጡት ልጆች 69 በመቶው በሕይወት አልነበሩም። ገዳዩ ቲቢ ነው። የተጨናነቀ መኝታ ቤት፣ አየር የማይገባበት ክፍል፣ የሚያስለውና ጤነኛው ጎን ለጎን። ምክሩን አስቀመጡት። ከሥራው ከወጣ በኋላ በ1922 ነገሩን ብሔራዊ ወንጀል ብሎ በራሱ አሳተመው። እና «በዘመኑ አይታወቅም ነበር» የሚልሽ ካለ አትስሚው፤ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር።

አንቺ ዊኒፔግ ስላለሽ ደግሞ ይቺን ልጨምርልሽ። የቆምሽበት መሬት በ1871 በሎወር ፎርት ጋሪ በንግሥቲቱ መንግሥትና በነባር ሕዝቦች መካከል የተፈረመው «ውል 1» መሬት ነው። ውሉ ውስጥ ንግሥቲቱ በየሪዘርቩ ትምህርት ቤት ታቆማለች፣ ያም ሕዝቡ ሲፈልግ ነው የሚል ቃል አለ። ልብ አድርጊ፤ በየሪዘርቩ፣ ሲፈልጉ። እነዚህ ሰዎች ትምህርት የጠሉ ሰዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸው ፊደል ቆጥረው ማታ ቤት እንዲመለሱ ነው የተዋዋሉት። ከዚያ የመጣው ግን ልጁን ከመንደሩ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚያርቅ አጥር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ መምህር ነበርኩና ይህ ከሁሉም በላይ ያበሳጨኛል።

አዲስ ገቢ ቶሮንቶ | ሴፕቴምበር 27

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ግን ለሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ይህ ሁሉ አይነገርም። እኔ ለሴት ልጄ የቲሸርቱን ብቻ ነው የነገርኳት። ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያደገች ሴት በ1973 ስድስት ዓመቷ ነበር። አያቷ ለትምህርት ቤት መግቢያ ብላ ብርቱካናማ ሸሚዝ ገዛችላት። ዊሊያምስ ሌክ አጠገብ ያለው የሚሽን አዳሪ ትምህርት ቤት ስትደርስ አውልቀው ወሰዱባት፣ አልመለሱላትም። በ2013 ይህን ታሪኳን በአደባባይ ተናገረች፤ ቀኑ ከዚያ ተነሣ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ የፌዴራል በዓል ሆነ። ልጄ የጠየቀችኝ «ሌላ ሸሚዝ ገዙላት?» ብላ ነው።

ዲያቆን ኤፍ | ሴፕቴምበር 27

እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ። ልጅ ሲበደል ደስ የሚለው ክርስቲያን የለም። ሆኖም ሁለት ነገር ሳይባል አይታለፍ። አንደኛ፣ በ2021 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ካምሉፕስ በነበረው አዳሪ ትምህርት ቤት ላይ የ215 ሕፃናት ጅምላ መቃብር ተገኘ ተብሎ ዓለም ተላቀሰ፣ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ እስካሁን የወጣ አስከሬን ግን የለም። ይህን የሚጠይቅ ሰው ለምን ካጂ ይባላል? ሁለተኛ፣ የጥቂት ካህናት ኃጢአት የቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ተደርጎ አይቆጠርም። ብዙዎቹ ነባር ሕዝቦች ዛሬም ክርስቲያኖች ናቸው እኮ።

ሕግ ተማሪዋ | ሴፕቴምበር 27

ወንድሜ ዲያቆን፣ መጠየቅህ ደግ ነው፤ የተባለውንና ያልተባለውን እንለየው።

ሜይ 27 ቀን 2021 የካምሉፕሱ የሸክዌፕመክ ማኅበረሰብ ያስታወቀው መሬት ውስጥ በሚያይ ራዳር መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ ምልክቶች መታየታቸውን ነው። ቁጥሩ በኋላ ወደ 200 ዝቅ ብሏል። ራዳር አጥንት አያሳይም፣ የተነካካ አፈር ነው የሚያሳየው፤ ጥናቱን ያካሄደችው ባለሙያም በቁፋሮ ካልሆነ አይረጋገጥም ብላለች። «ጅምላ መቃብር» የሚለው የጋዜጦች ቃል ነው፤ የማኅበረሰቡ መሪ ራሷ ጅምላ መቃብር አይደለም ብላ አስተካክላለች። ቤተ ክርስቲያን ማቃጠሉንም ብዙ የነባር ሕዝብ መሪዎች አውግዘውታል።

ነገር ግን የሞቱት ልጆች ወሬ ከካምሉፕስ አልጀመረም፣ በካምሉፕስም አይወድቅም። የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን በደል የመረመረው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ በ2015፣ ከመንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን መዛግብት ብቻ ከ3,000 በላይ ሞት ቆጥሯል። ከእነዚህ ሲሶ ያህሉ ስማቸው አልተጻፈም። ግማሽ ያህሉ በምን እንደሞቱ አልተጻፈም። ሩብ ለሚጠጉት ወንድ ይሁኑ ሴት እንኳ የጻፈ የለም። ዊኒፔግ ያለው የእውነትና ዕርቅ ብሔራዊ ማዕከል መዝገቡን ቀጥሎበት አሁን ከ4,000 አልፏል። አስከሬን ወደ ቤት ለመላክ መንግሥት ወጪ ማውጣት ስለማይፈልግ አብዛኛው እዚያው ግቢ ተቀበረ፤ የእንጨቱ መስቀል በሰበሰ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ቦታው ጠፋ። ራዳሩ የመጣው ይህን ለመፈለግ ነው።

«ጥቂት ካህናት» ላልከው ደግሞ፦ ከትምህርት ቤቶቹ 60 በመቶ ያህሉን የያዙት የካቶሊክ ተቋማት ናቸው። አንግሊካኖች በ1993፣ ፕሪስቢቴሪያኖች በ1994፣ ዩናይትድ ቸርች በ1998 እንደ ተቋም ይቅርታ ብለዋል። የካቶሊክ ወገን ከተበዳዮቹ ጋር በተደረገው የ2006 የካሳ ስምምነት ከምእመናን 25 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ እጥራለሁ ብሎ የሰበሰበው 4 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ በዚያው ዘመን ውድ ካቴድራሎች ይሠሩና ይታደሱ ነበር። ጳጳስ ፍራንሲስ ጁላይ 25፣ 2022 አልበርታ፣ ማስክዋቺስ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የነበሩት መሬይ ሲንክሌር ግን ይቅርታው ጥፋቱን በግለሰቦች ላይ ጥሎ የተቋሙን ድርሻ አጉድሏል ብለው ተቹት። ያንተው ክርክር ማለት ነው። ጳጳሱ ግን ሲመለሱ አውሮፕላን ላይ ተጠይቀው የተደረገው ዘር ማጥፋት ነው ብለዋል።

ዲያቆን ኤፍ | ሴፕቴምበር 27

የመዝገቡን ነገር አላውቅም ነበር፤ አነባለሁ። የመጨረሻውን ቃል ግን ለእግዚአብሔር እተወዋለሁ። ለእነዚያ ልጆች ጸሎት ብናደርግ የሚከፋው ሰው አይኖርም መቼም።

ዴንቨር ሐበሻ | ሴፕቴምበር 27

ከደቡብ ጎረቤታችሁ ሰላም። እኛ ዘንድም የባሰ እንጂ ያነሰ አልነበረም። ካናዳ በ1879 ሰው ልካ ያስጠናችው የእኛኑን ነው። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ካርላይል የሚባለው ያው በ1879 ተከፈተ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ምርመራውን አጠናቆ 417 ትምህርት ቤቶችና ቢያንስ 973 የሞቱ ልጆች ብሎ ሪፖርት ያወጣው ገና በ2024 ነው። ባይደን ይቅርታ የጠየቀው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ አሪዞና፣ ምርጫ ሊደርስ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው። ቀን መረጣ ያውቁበታል። ካሳ ግን አልተከፈለም። እናንተ ቢያንስ ኮሚሽን አይታችኋል።

ካልጋሪ ታክሲ | ሴፕቴምበር 28

ጋሽ መኮንን የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ዝም አለች። በደሉን አልካድኩም፣ አልክድምም። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ይቅርታ ከተጠየቀና ካሳ ከተከፈለ ዕርቁ መቼ ነው የሚያልቀው? ማለቂያ የሌለው ዕርቅ ምን ዕርቅ ነው?

ሕግ ተማሪዋ | ሴፕቴምበር 28

ካሳውን መጀመሪያ ማን እንዳመጣው እንይ። መንግሥት አስቦ ያወጣው ገንዘብ አይደለም። ተበዳዮቹ በሺህ እየሆኑ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የማኒቶባው መሪ ፊል ፎንቴይን በ1990 በልጅነቱ ፎርት አሌክሳንደር ላይ የደረሰበትን በቴሌቪዥን ተናገረ፤ ያኔ እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ የሚናገር አልነበረም። ክሱ ተከምሮ መንግሥት መውጫ ሲያጣ ነው የ2006ቱ ስምምነት የተፈረመው። ኮሚሽኑም ከዚያው ስምምነት የተወለደ ነው።

ክፍያው እንዲህ ነበር፦ ለመጀመሪያው ዓመት 10,000 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 3,000። ልጅነቱን ስምንት ዓመት እዚያ የጨረሰ ሰው 31,000 አገኘ፤ የአንድ መካከለኛ መኪና ዋጋ። የተደፈሩና ክፉኛ የተደበደቡ ደግሞ ለብቻው ቀርበው በዳኛ ፊት ይናገራሉ፤ የደረሰባቸው በሠንጠረዥ ይታይና ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ ወደ ዶላር ይቀየራል። የሰባ ዓመት ሴት የማታውቀው ሰው ፊት ተቀምጣ፣ ማን የት እንደነካት ለነጥብ ስትዘረዝር አስቡት። ቀን እየሄዱ ማታ የሚመለሱባቸው ትምህርት ቤቶች ልጆች ተቆርጠው ቀርተው እስከ 2019 ጠበቁ። የላብራዶር ልጆችም ከስምምነቱ ውጭ ቀርተው ነበር፤ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ በ2017 ሄዶ ይቅርታ ሲጠይቅ የኢኑ ሕዝብ መሪዎች አንቀበልም አሉ፤ የእኛን ታሪክ ገና አልሰማችሁም ነው መልሳቸው።

የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃርፐር ጁን 11፣ 2008 ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጥሩ ንግግር ነበር፣ እንባም ፈስሷል። በዓመቱ ፒትስበርግ ላይ ካናዳ የቅኝ ገዥነት ታሪክ የላትም አለ። ያው ሰውዬ።

የማታ ሺፍት | ሴፕቴምበር 28

«መቼ ያልቃል» ላልከው እኔ የማየውን ልንገርህ። ዊኒፔግ ውስጥ በመንግሥት እጅ ያሉ ልጆች የሚኖሩበት ግሩፕ ሆም ውስጥ ነው የምሠራው። ስም የለም፣ ቦታ የለም። ማኒቶባ ውስጥ በመንግሥት እጅ ካሉት ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ነባር ሕዝቦች ናቸው። በአገር ደረጃ በ2021 ቆጠራ ፎስተር ኬር ካሉት፣ ማለትም ከወላጅ ተወስደው ሌላ ቤተሰብ ዘንድ ከሚያድጉት፣ ከ15 ዓመት በታች ልጆች 53.8 በመቶ ናቸው፤ ከአገሩ ልጆች ግን 7.7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ማታ ማታ ልጅ ይመጣል። ሻንጣ የለውም፤ ዕቃው በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ነው። እዚህ የምንሠራ ሐበሾች መጀመሪያ የምናደርገው ፌስታሉን መሬት ላይ እንዳይቀር አልጋው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ማንም አላዘዘንም። አንዷ ልጅ አያት አላት፣ ሰሜን ያለ ሪዘርቭ ውስጥ፤ በአውሮፕላን ካልሆነ አይደረስም። እሑድ እሑድ ትደውላለች። አያትየው አዳሪ ያደገች ናት፣ እናትየዋ በፎስተር፣ ልጅቷ እኔጋ። ሦስት ትውልድ በሰው እጅ። ወላጅ ሆኖ ልጅ ማሳደግን ከማን ይማሩት? እና ስልኩን ስዘጋ «ድሮ የተደረገ ነገር» የሚለው ወሬ አልዋጥ ይለኛል።

ሲንዲ ብላክስቶክ የምትባል ሴት መንግሥትን በዚህ ጉዳይ ከሳ በ2016 አሸነፈች፤ ለሪዘርቭ ልጆች ያነሰ በጀት መስጠት አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ የሰብዓዊ መብት ችሎቱ። ካሳው 23 ቢሊዮን ዶላር አለፈ፣ በ2023 ጸደቀ። የድሮው ትምህርት ቤት ካሳ አይደለም ይሄ፤ የአሁኑ ነው።

ሀና፣ አንቺ ደግሞ የምትጠጪው ውኃ ሾል ሌክ ከሚባለው ሐይቅ ነው የሚመጣው። በ1919 ቦዩ ሲጠናቀቅ ለዊኒፔግ ጥሩ ውኃ መጣ፤ ሾል ሌክ 40 የሚባለው ሕዝብ ግን መንደሩ ተቆርጦ ደሴት ላይ ቀረ። ከ1997 እስከ 2021 ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ ተብለው ኖሩ። ከእኛ ቧንቧ መነሻ ላይ ተቀምጠው! መንገድ የተሠራላቸው ገና በ2019 ነው።

ሀና ዊኒፔግ | ሴፕቴምበር 28

የውኃውን ፈጽሞ አልሰማሁም። ስድስት ዓመት ጠጣሁት።

ጋሽ መኮንን ኤድመንተን | ሴፕቴምበር 28

የታክሲው ልጅ ጥያቄ ቁም ነገር ነውና ላንሣው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲቀመጥ በዳይ መጀመሪያ ያደረገውን ሳይሸፋፍን ያምናል፣ ቀጥሎ ካሳው ይቆረጣል፣ ከዚያ ነው መሐላና ማዕድ። ካሳው ሳያልቅ እንጀራ አይቆረስም፤ በዳይም ሽማግሌ መርጦ አያስቀምጥም። እዚህ አገር ያየሁት ማዕዱ ቀድሞ መቅረቡን ነው። ቲሸርቱ አለ፣ በዓሉ አለ፣ የስብሰባ መክፈቻው አለ። ኮሚሽኑ በ2015 ይደረጉ ብሎ ያወጣቸው 94 የተግባር ጥሪዎች ግን አብዛኞቹ ገና አልተጠናቀቁም። ስለዚህ ልጄ፣ ዕርቁ ማለቂያ ያጣው ተበዳዮቹ አልታረቅ ብለው ነው አትበል። የሚፈጸመው ሳይፈጸም ነው ፎቶ የተነሡት።

አንተ ደግሞ ጥፋተኛ ነህ ያለህ የለም። ደብረ ማርቆስ የነበሩትን አያትህን በሰላም ይረፉ። እኔ የምለው አንድ ነው፤ ቤት ስትገዛ በቤቱ ላይ ያለውን ውል ጭምር ትገዛለህ። ውሉን የፈረመው የቀድሞው ባለቤት ነው ብለህ ፍርድ ቤት ብትቆም ዳኛው ይስቅብሃል።

እና ደግሞ ሁሉ ሐዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ሴንት ፖል አጠገብ ብሉ ኩዊልስ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በ1970 መንግሥት የሕዝቡን ፍላጎት ችላ ብሎ ልጆቹን ወደ ከተማው ትምህርት ቤት ሊያዛውር ሲል ወላጆች ከነልጆቻቸው ገብተው ተቀመጡ። ግቢው ውስጥ እያበሰሉ፣ እየተፈራረቁ፣ ሳምንታት። መንግሥት እጅ ሰጠ። በነባር ሕዝቦች የሚተዳደር የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሆነ፤ ዛሬ ያ ቀይ የጡብ ሕንፃ ዩኒቨርሲቲያቸው ነው፣ ክሪና ዴኔ የሚባሉ ቋንቋዎቻቸውን ያስተምሩበታል። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች ይሳሳቃሉ፣ ቡና ሽታ ነበረው። አስጎብኚዋ ሴትዮ እናቷ የተገረፈችበትን ክፍል «አሁን ቢሮዬ ነው» አለችኝና ቁልፉን አወጣች።

ሕግ ተማሪዋ | ሴፕቴምበር 28

ጋሼ ስለ ውል ያሉት ላይ ልጨምር፤ የሀና ጥያቄ መልስ ያለው እዚሁ ነው። ከ94ቱ ጥሪዎች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ 93ኛውና 94ኛው፣ ርእሳቸው «ወደ ካናዳ አዲስ የሚመጡ» ነው። 93ኛው የዜግነት መጽሐፉና ፈተናው ስለ ውሎቹና ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በደንብ ይናገር ይላል። 94ኛው የመሐላው ቃል ይቀየር ይላል። የመሐላው ሕግ ጁን 21፣ 2021 ጸደቀ፤ ሀና የምትለማመጅው ሐረግ ያ ነው። ባለቤትሽ ከዚያ በፊት ነው የማለው። ስለዚህ «እኛን ምን ያገባናል» ለሚለው፣ ኮሚሽኑ 6,000 ከሚበልጡ ሰዎች ቃል ተቀብሎ ሲጨርስ እኛን ስም ጠርቶ ነው የጻፈን።

የፈተናው መጽሐፍ ግን አንቺ ያነበብሽው ትምህርት ቤቶቹ እስከ 1980ዎቹ እንደነበሩ ነው የሚለው። በፌዴራል መንግሥቱ የሚተዳደረው የመጨረሻው፣ ሳስካቸዋን ያለው የጎርደን ትምህርት ቤት፣ የተዘጋው በ1996 ነው። እዚህ መድረክ ላይ ስንቶቻችን በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ነበርን።

ካልጋሪ ታክሲ | ሴፕቴምበር 28

በ1996 እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ።

እሺ፣ የቤቱ ውል ምሳሌ ገብቶኛል ጋሼ፣ ግን አልሸሽግዎትም፣ አሁንም መንግሥት የራሱን ሥራ ለእኔ እያካፈለኝ ይመስለኛል። ውሉን የሚፈጽመው እሱ ነው፣ መሬቱም ገንዘቡም ያለው እሱ ዘንድ ነው። እኔ ምን ላድርግ፣ የዕለት ገቢዬን ልስጥ?

የማታ ሺፍት | ሴፕቴምበር 28

ገንዘብ አልጠየቁህም እኮ። ስትመርጥ ጠይቅ። ተወካይህ ለድምፅህ ሲመጣ ስለ ውኃው፣ ስለ ፎስተር ኬሩ ጠይቀው። ታክሲህ ውስጥ ሰው ሲሰድባቸው አብረህ አትሳቅ። ቲሸርት ከገዛህም ከራሳቸው ሰዎች ግዛ፤ ገበያ የሞላው ከእነሱ ጋር የማይገናኝ ነጋዴ የሚያትመው ነው።

አዲስ ገቢ ቶሮንቶ | ሴፕቴምበር 28

ማክሰኞ ዝግጅቱ ላይ እኛ መገኘት እንችላለን ወይስ የእነሱ ብቻ ነው? ነጠላ አድርጌ ብሄድ ነውር ይሆናል?

የማታ ሺፍት | ሴፕቴምበር 28

ክፍት ነው፣ ደስ ይላቸዋል። እዚህ ዊኒፔግ በየዓመቱ ከዘ ፎርክስ የሚነሣ የሰርቫይቨሮች፣ ከአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ የተረፉት ሰዎች፣ ጉዞ አለ፤ ፓውዋው የሚባለው የጭፈራ በዓላቸውም ይኖራል። ነጠላሽን አድርጊ፣ አምና አንዲት አሮጊት የእኔን ጥለት እየነካካች ረጅም ወሬ አወራን። ካሜራ አታውሩ ብቻ፤ አስተናባሪው አትቅረጹ ካለ ስልኩ ኪስ ይግባ። የለበሱትን ላባ ሳትጠይቁ አትንኩ። ሀና፣ ከፈለግሽ አብረን እንሂድ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።

ሀና ዊኒፔግ | ሴፕቴምበር 28

እመጣለሁ፣ ልጄንም ይዤ። ጻፍኩልሽ።

ካልጋሪ ታክሲ | ሴፕቴምበር 29

ሕግ ተማሪዋ፣ የእኛ የካልጋሪዎቹ የትኛው ውል ነው?

ሕግ ተማሪዋ | ሴፕቴምበር 29

ውል 7፣ 1877፣ ብላክፉት ክሮሲንግ ላይ የተፈረመ። ሲክሲካ፣ ካይናይ፣ ፒካኒ፣ ስቶኒ ናኮዳና ጹትኢና ናቸው ፈራሚዎቹ። ጹትኢና ሪዘርቭ ከካልጋሪ በደቡብ ምዕራብ በኩል ድንበርተኛ ነው። የቀለበት መንገዱ ጹትኢና ትሬይል የሚባለው ክፍል የተሠራው ከሪዘርቩ በተወሰደ መሬት ላይ ነው። ከስንት ዓመት ጀምሮ ሲደራደሩበት ኖረው በ2013 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ተስማማ፤ ገንዘብና ምትክ መሬት ተቀበሉ፣ መንገዱ በሰባት ዓመት ውስጥ ካልተሠራ መሬቱ ይመለስልናል የሚል አንቀጽም አስገቡ። በ2020 ተከፈተ።

ካልጋሪ ታክሲ | ሴፕቴምበር 29

እሱን መንገድ? በየቀኑ ነው የምነዳበት! እኔ መንግሥት እንዲሁ ስም ያወጣለት ነበር የመሰለኝ። የሰባት ዓመቱን አንቀጽ ያስገባውን ሰው አግኝቼ ቡና ብጋብዘው ደስ ይለኛል፤ ከኪራይ አከራዬ ጋር እሱ ይደራደርልኝ ነበር።